«ቆይ» የማይባለው ትል
የሐር ትልን በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ማሳደግ

ሐር የሚለውን ቃል ያልሰማ ልጅ አይገኝም። የአያቱ ቀሚስ ጥልፍ የሐር ነው ሲባል ሰምቷል፤ የሕፃን ፀጉር ሲመሰገን «እንደ ሐር የለሰለሰ» ይባላል፤ አንገት ላይ የሚታሰረው ማተብም አንዳንዱ የሐር ክር ነው። ሐሩ ከየት ይመጣል ብለው ቢጠይቁት ግን መልሱ «ከሱቅ» ነው። ከትል አፍ ይወጣል ቢሉት ይስቅብዎታል።

ማሳመኛው ከባድ አይደለም። አንድ የጫማ ካርቶን፣ ከ30 እስከ 50 የሚደርሱ ትሎችና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ ይበቃሉ። በእስራኤል ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች ይህን ሳይሰሙ አይቀሩም፤ እዚያ ጸደይ ሲገባ ትንንሽ ልጆች በካርቶን የሐር ትል ማሳደጋቸው የተለመደ ነገር ነው። በእኛም አገር ትሉ አለ፤ ምግቡም በየሜዳው አለ። የጎደለው በቤተሰብ ደረጃ የመሞከር ልማድ ነው።

ከወዲሁ ግልጽ ለማድረግ፣ ይህ የገንዘብ ማግኛ ምክር አይደለም። 50 ትሎች የሚሰጡት ሐር ቢመዘን ከ20 ግራም ብዙም አያልፍም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ዛሬ ልጆቻችን የሚነኩት ነገር አብዛኛው «ቆይ» ሲሉት የሚቆይ ነው። የስልኩ ጨዋታ ይቆማል፤ ፊልሙ ካቆሙበት ይቀጥላል፤ የቤት ሥራውም ቢሆን ለነገ ይተላለፋል። ትሉ ግን አይቆይም። ጠዋት ካልበላ ማታ ያስታውቅበታል፤ ተረስቶ ከሰነበተ ይሞታል። ልጅ ኃላፊነት የሚባለውን ነገር በምክር ሳይሆን በዓይኑ የሚያይበት አንድ ወር ማግኘት ትንሽ ዕድል አይደለም።

ሁለት ትሎች፣ ሁለት ቅጠሎች

በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው የሐር ትል መልበሪ በተባለው፣ አንዳንዶች የእንጆሪ ዛፍ በሚሉት ተክል ቅጠል የሚኖረው ነው። ሰው ለሺህ ዓመታት ስላላመደው፣ የሚወጣው የእሳት እራት ክንፍ ቢኖረውም መብረር አይችልም። ትሉ በራሱ ዙሪያ የሚሠራው ጎጆ ሳይበጠስ ከሚቀጥል አንድ ክር የተሠራ ሲሆን፣ ክሩ ቢተረተር ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ሁለተኛው ኤሪ ይባላል። የትውልድ ቦታው በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የምትገኘው አሳም ናት። ስሙም የመጣው በአካባቢው ቋንቋ ጉሎ ከሚጠራበት ቃል ነው፤ እንደ ስሙም ጉሎ ይበላል። የካሳቫ ቅጠልም ስለሚበላ፣ ካሳቫ በሚበቅልባቸው በወላይታና በጋሞ አካባቢዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሌላ አማራጭ አለ። የኤሪ ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ነው፤ ክሩም ቁርጥርጥ እንጂ አንድ ወጥ አይደለም። ስለዚህ እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ አይተረተርም። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ለቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን የሐር ትል በመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲጠና ቆይቷል። አዲስ አበባ ውስጥም የኤሪ ሐርን ከጥጥ ጋር እያዋሐደ የሚሸምን ሳባሃር የተባለ ድርጅት አለ። እንቁላሉ ግን ገበያ ወጥተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም፤ የሚያረቡ ሰዎችን ወይም የምርምር ማዕከላትን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉሎ በቀላሉ ስለሚገኝ ከዚህ በታች ያለው ምክር በኤሪ ላይ ያተኮረ ነው።

ትሉ አዲስ፣ ሐሩ ነባር

ትሉ ለአገራችን አዲስ ቢሆንም ሐሩ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒየስ እንደመዘገበው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። ጥያቄው የአክሱም ነጋዴዎች ሐሩን ከሕንዶች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ነው። በዚህ መንገድ አክሱማውያን ያተርፋሉ፤ ሮማውያንም ለጠላታቸው ለፋርስ ገንዘብ ከመክፈል ይድናሉ። ሐሳቡ ግን አልሠራም። የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች እየቀደሙ ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ552 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ መነኮሳት የትሉን እንቁላል ወደ ቁስጥንጥንያ አመጡና ነገሩ ተለወጠ። ነገሥታት ያልፈቱትን ችግር የጤፍ ፍሬ የምታክል እንቁላል ፈታችው ማለት ነው።

ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላም በጎንደር ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ይሸመኑ ነበር፤ ከነዚህ አንዱ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። ሸማኔው የእኛ ነበር፤ ጥበቡም የእኛ ነበር። ያልነበረን ትሉ ብቻ ነው። ይህን ታሪክ ካርቶኑ አጠገብ ሆነው ቢነግሩት ልጅዎ ከመማሪያ መጽሐፍ ካነበበው ይልቅ ያስታውሰዋል።

ከጤፍ ፍሬ እስከ ጣት

የኤሪ እንቁላል ሙቀት ካገኘ ከ8 እስከ 10 ባሉት ቀናት ይፈለፈላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል። ሲወጣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የነበረው ትል ከ20 እስከ 30 ቀን ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ደግሞ ከዚህም ሊረዝምበት ይችላል።

በዚህ መካከል ትሉ 4 ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ሊቀይር ሲል መብላት ያቆማል፤ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አንድ ቀን ገደማ ሳይነቃነቅ ይቆያል። ብዙ ልጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። «እማማ፣ ሞተ እኮ!» እያለ ይሮጣል። «አልሞተም፣ ልብሱን እየቀየረ ነው፤ አትንካው ልጄ» ብሎ የሚያረጋጋው ሰው አጠገቡ ቢኖር መልካም ነው። በዚህ ሰዓት ትሉን ከቦታው ማንሳት ይጎዳዋል።

አባጨጓሬ ያሳከከው ልጅ መጀመሪያ ላይ ይፈራ ይሆናል። የኤሪ ትል አይነክስም፣ አያሳክክምም። በጀርባው ላይ የሚታዩት ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ለስላሳ ናቸው። ቢሆንም ከመንካት በፊትም በኋላም እጅ መታጠብ አለበት፤ በፊት ለትሉ፣ በኋላ ለልጁ ሲባል።

ጀማሪዎችን የሚያስቸግረው የመጨረሻው ሳምንት ነው። ትሉ በዕድሜው ሁሉ ከሚበላው ቅጠል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚጨርሰው ጎጆ ከመሥራቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ዕድሜው ነው። ያን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ጆሮ ቢያደርጉ ቅጠል ላይ የሚወርድ ካፊያ የሚመስል ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ትል በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ግራም ቅጠል ያስፈልገዋል ብለን ብናሰላ፣ ለ50 ትሎች ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ጠቅላላው ብዙ አይደለም፤ አብዛኛው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ትሉን ከማምጣት በፊት ጉሎው የት እንዳለ ይወቁ።

ቤቱና ምግቡ

ካርቶኑ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይብሱ። ሥሩ ላይ ወረቀት ይንጠፍና ኩሱ ከነወረቀቱ በየቀኑ ይነሣ። ትሎቹ ሲያድጉ አንድ ካርቶን ስለሚጠባቸው ወደ ሁለትና ሦስት ይከፋፍሏቸው።

ለትሉ የሚስማማው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ካርቶኑን ከቤቱ ሞቅ ያለው ክፍል ያስቀምጡት፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት ላይ ግን አይሁን። ምድጃ አጠገብ ማድረግም አይመከርም፤ ጭስ ይጎዳዋል። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ባይቀመጥ ይሻላል። የትንኝና የበረሮ ማጥፊያ የሚነፋበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይግባ። ለበረሮ የተሠራ መርዝ የሐር ትሉን ለይቶ አይተወውም።

ምግቡ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይሰጠዋል። ለትንንሾቹ ለጋ ቅጠል በቀጫጭኑ ተቆርጦ ይቀርባል፤ ትልልቆቹ የጠነከረውን ቅጠል እንዳለ ይበሉታል። ቅጠሉ ከአቧራማ መንገድ ዳር ወይም መድኃኒት ከተረጨበት እርሻ አይቆረጥ። ከታጠበ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ቅጠል ትሎቹን ለበሽታ ያጋልጣል። ዝናብ ያገኘውም እንዲሁ ነው። ውሃ ለብቻው አይሰጣቸውም፤ የሚያስፈልጋቸውን ከቅጠሉ ያገኛሉ።

ጠላትም አላቸው። ጉንዳን አንዴ መንገዱን ካወቀ በአንድ ሌሊት ካርቶኑን ሊጨርስ ይችላል። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። አይጥና እንሽላሊትም ይወዷቸዋል፤ ክዳኑ ይጠበቅ።

የጉሎ ፍሬ፦ ከሁሉ የሚቀድመው ጥንቃቄ

ትሉ አደገኛ አይደለም። አደገኛው የተክሉ ፍሬ ነው። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ከባድ መርዝ አለበት። ዥንጉርጉር ሆኖ ስለሚያብረቀርቅ ትንንሽ ልጆችን ይስባል፤ ታኝኮ ከተዋጠ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። ምልክቱ የሚታየው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ልጅ ፍሬውን በልቷል ብለው ከጠረጠሩ ደህና ይመስላል ብለው አይጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ የበላውንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ ከመጀመሪያው ይታወቅ። ቅጠል የሚቆርጠው አዋቂ ነው፤ ልጁ የተቆረጠውን ያቀርባል። ግቢ ውስጥ ያለው ጉሎ ማበብ ሲጀምር አበባው ፍሬ ሳይዝ ይቆረጥ፤ ቅጠሉ አይቀንስብዎትም። ምጣድ ለማሟሸት ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ፍሬም ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ካለ ደግሞ ይህን ሥራ ለሌላ ዓመት ማቆየት ብልህነት ነው።

ጎጆው ሲጠናቀቅ የሚመጣው ጥያቄ

ትሉ ሲበቃው መብላት ያቆማል፤ ሆዱን ያጸዳል፤ ጥግ ፍለጋም መዞር ይጀምራል። ያን ጊዜ ደረቅ ቅጠል፣ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይስጡት። ክሩን እያወጣ በራሱ ዙሪያ ይሸፍናል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ከዓይን ይሰወራል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ናቸው፤ ቡናማ መልክ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ነጭ ምልክት አላቸው። ለመብላት የሚያገለግል አፍ የለውም። ተራክቦ፣ እንቁላል ጥሎ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሞታል።

እዚህ ላይ ልጁ መጠየቁ አይቀርም፤ «ሱቅ ያለው ሐር ሲሠራ ትሉ ምን ይሆናል?» እውነተኛው መልስ የሚመረጠው ነው። የመልበሪው ትል ጎጆውን ቀድዶ ከወጣ ረጅሙ ክር ይበጣጠሳል። ስለዚህ አምራቾች በውስጡ እንዳለ በሙቀት ይገድሉታል፤ ከዚያ ክሩን ይተረትራሉ። በበዓል በግ ሲታረድ ያየ ልጅ ይህን እውነት መሸከም ይችላል። የሚጎዳው ተዋሽቶ በኋላ ሲደርስበት ነው።

ኤሪን ለቤተሰብ የተሻለ የሚያደርገው ልዩነትም ይህ ነው። ጎጆው ክፍት ጫፍ ስላለው የእሳት እራቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ክሩ ከመጀመሪያውም አንድ ወጥ ስላልሆነ ሐሩ አይበላሽም። ቤተሰቡ መጠበቅ ከቻለ ሕይወቱም ሐሩም ይተርፋሉ። ውሳኔውን ለልጁ ነግረው አብረውት ይጠብቁ።

ከዚያ በፊት የሚሞቱ ትሎችም ይኖራሉ። የዛለ፣ የጠቆረ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ትል ሲታይ በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ ቶሎ ይወገድ። ልጁ ምግብ ረስቶ ከሞቱበትም ሁለት ነገር አያድርጉ፤ አንደኛ አይስደቡት፣ ሁለተኛ በድብቅ ሌላ ትል አምጥተው አይተኩለት። ሞቱን አይቶ፣ ቀብሮ፣ ለቀሩት ቅጠል ሲቆራርጥ ያን ቀን ከማንኛውም ምክር የበለጠ ተምሯል።

እንዝርቱ ከተሰቀለበት ይውረድ

ባዶ ጎጆዎች ሲከማቹ ተራው የአያት ይሆናል። ጎጆዎቹ ተገልብጠው የትሉ የድሮ ቆዳና ጉድፍ ይራገፋል። በንጹሕ ጨርቅ ታስረው ሳሙና በገባበት ውሃ ለ1 ሰዓት ያህል ይቀቀላሉ፤ ይህ የአዋቂ ሥራ ነው። የሚያጣብቃቸው ሙጫ ሲለቅ ደጋግመው ይታጠባሉ፤ ተዘርግተው ሲደርቁም እጅ ላይ እንደ ባዘቶ ይሳሳሉ።

ከዚህ በኋላ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥጥ ትፈትል የነበረች እጅ ይህንንም ትፈትለዋለች። እንዝርቱን ማሾር፣ ክሩ ሲቀጥን ማወቅ፣ ሲበጠስ ሳያስታውቅ መቀጠል በጣት የተያዘ ዕውቀት ነው። በብዙ ቤት እንዝርቱ ጥግ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ የልጅ ልጆች ከአያታቸው የሚጠይቁት ነገር እያነሰ ሄዷል። አንድ ወር ሙሉ ትል ሲመግብ የቆየ ልጅ ግን ክሩን የሚያወጣለትን ሰው ይፈልጋል። ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ሊያገኘው ይችላል፤ ጣቱን ይዞ «እንዲህ አይደለም፣ ላላ አድርገው» የሚለው ግን አያቱ ነው።

የሚገኘው ክር ለነጠላ አይበቃም። ለአንድ ጥለት ማሳመሪያ ወይም ለአንገት ክር ግን ይበቃል። «ይህን ያበላሁት እኔ ነኝ፣ የፈተሉት እማማ ናቸው» ብሎ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ሳይፈለፈል የሚወሰን ነገር

የመጨረሻው ምክር ስሌት ነው፤ ልጁ ራሱ ቢሠራው ይመረጣል። አንዲት ሴት የእሳት እራት 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ከ50ዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ 7,500 እንቁላል ይሆናል። ሁሉም ተፈልፍለው እያንዳንዳቸው 25 ግራም ቅጠል ቢበሉ ወደ 2 ኩንታል የሚጠጋ ጉሎ ይፈጃሉ። ይህን የሚችል ቤት የለም። ስለዚህ እንቁላሉ እንደተጣለ ለሚቀጥለው ዙር የሚበቃው ይለይ፤ ለሚፈልግ ቤተሰብ ወይም ትምህርት ቤት ይሰጥ፤ የተረፈው ሳይፈለፈል ይወገድ። የተፈለፈሉ ትሎችን ሜዳ ላይ መጣል ነጻ ማውጣት አይደለም፤ ሰው ያላመዳቸው ስለሆኑ በብርድ፣ በረሀብና በጉንዳን ያልቃሉ።

ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ክረምቱ አልፎ ጉሎው የለመለመበት የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ነው። እንቁላሉን ከማምጣትዎ በፊት ከልጅዎ ጋር የቀን መቁጠሪያ ይክፈቱ። ፈተናው መቼ ነው? ለበዓል ወደ ዘመድ ትሄዳላችሁ ወይ? ጠዋት የሚመግበው ማን ነው? ማታስ? በየቀኑ ፊት ለፊት ስም ይጻፉ። ባዶ የቀረ ቀን ካለ የሚሞላው ሰው ይፈለግ፤ ካልተገኘ ግን እንቁላሉ ለሌላ ወር ይቆይ። «ቆይ» ማለት የሚቻለው አሁን፣ ሳይፈለፈል ብቻ ነው።